መርፌው ሲመሰክር
በአሮጌ አውቶሞቢል ዳሽቦርድ ላይ የሚገኙ ጠቋሚዎችን ስለ መመርመር የተደረገ ንግግር



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገር ሰው። የዚህ ንግግር ርእስ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከመሪው ፊት፣ ከመስተዋት በስተጀርባ የሚታይ አንድ ቀጭን መርፌ ነው። ይሁን እንጂ የመርፌውን ቃል አምኖ ጉዞውን የሚቀጥል ሰው አለ፤ የመርፌውን ቃል ሰምቶ ሞተሩን የሚያስፈታ ሰው አለ፤ መርፌውን ከናካቴው ንቆ ዐይኑን ከላዩ ያነሣም አለ። የሦስቱም ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ መርፌው የሚናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት? የሚለው ነው።

የሚከተለውን የመሰለ ታሪክ ለጋራዥ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ላንድሮቨር አለ እንበል፤ ሲሪስ 3 ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠራው ዓይነት። ባለቤቱ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልስበታል። የሙቀቱ መርፌ ዘወትር ወደ ቀዩ ይጠጋል። የመጀመሪያው ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበ፤ መርፌው ግን አልወረደም። ሁለተኛው ጋራዥ የውሃውን ፓምፕ ለወጠ፣ ሴንሰሩንም በአዲስ ተካ፤ መርፌው አሁንም ከቀዩ አልራቀም። የባለቤቱ ገንዘብ አለቀ፤ ትዕግሥቱም አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ መርፌውን አይቶ ለሚደነግጥ ተሳፋሪ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ይተዉት፣ ልማዱ ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚያወጣው ዳገት ላይ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተሰነጠቀና ውሃው ፈሰሰ። መርፌው በቀዩ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን ትናንትናም፣ ከትናንት ወዲያም በቀዩ ላይ ነበረ። ጥቂት ቆይቶ እንዲያውም ወረድ አለ። ሾፌሩም «ዛሬስ በረድ አለ» ብሎ ደስ እያለው ማርሹን ሳይቀንስ ዳገቱን ቀጠለ። ከዳገቱ ራስ ሳይደርስ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ቴስታታውም ተጣመመ።

ሞተሩ ከተፈታና ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ አንድ ባለሙያ ከሌሎቹ ተለይቶ ሾፌሩን ጠየቀ። «ለመሆኑ የነዳጁ መርፌ እንዴት ነው?» ሾፌሩ ሲመልስ፣ «እሱንም ማመን ትቻለሁ፤ ሩብ ይቀራል እያለኝ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አስቀርቶኛል» አለ። ባለሙያው ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ዳሽቦርዱ ኋላ ሄደ። እዚያም አንዲት የዛገች ብሎን አገኘ። የዚህች ብሎን ነገር ኋላ ይመለሳል።

በዚህ ታሪክ ሞተሩን የገደለው የቱቦው መሰንጠቅ ብቻ አይደለም። ቱቦው ከመሰንጠቁ ብዙ ወራት አስቀድሞ መርፌው ተአማኒነቱን አጥቶ ነበር። ጨርሶ የማይሠራ ጠቋሚ ያለበት መኪና ሾፌሩ ይጠነቀቃል፤ እየወረደ ሞተሩን ይዳስሳል፣ ውሃውን ይመለከታል። ሐሰት የሚናገር ጠቋሚ ያለበት መኪና ሾፌር ግን በመጀመሪያ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ በኋላ ደግሞ የሚያስደነግጠው ሲመጣ ዝም ይላል። ስለዚህ የጠቋሚ ጥገና እንደ ጌጥ ሥራ የሚታይ አይደለም፤ ከፍሬን ሥራ ጋር በአንድ ረድፍ የሚሰለፍ ነው።

በቀድሞው የአገሩ ሙግት፣ በበላ ልበልሃ ሥርዓት፣ ምስክር ቃሉን ስለ ሰጠ ብቻ አይታመንም ነበር፤ ይጠየቃል፣ ከሌላ ምስክር ቃል ጋር ይመዛዘናል። መርፌው ምስክር ነው እንጂ ራሱ ሞተሩ አይደለም። ባለሙያው ምስክሩን ሳይጠይቅ ቢያምነው በጎ ሞተር ያስፈታል፤ ሳይጠይቅ ቢንቀው ደግሞ የታመመ ሞተር ያስነዳል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይህ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ የሚያደርግ ሌላ ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜያቸው እንዲረዝም የሚፈለግበት ጊዜ ሆኗል። አሮጌ ኮሮላ፣ አሮጌ ፔጆ፣ አሮጌ ላንድሮቨርና ቮልስ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። የእነዚህን መኪኖች ጠቋሚ በኮምፒዩተር መሰኪያ መመርመር አይቻልም። የሚመረምራቸው የሰው አእምሮ ነው።

መርፌው እንዴት ይናገራል?

የሙቀት ወይም የነዳጅ ጠቋሚ አንድ ዕቃ ሳይሆን አራት ክፍሎች ያሉት ሰንሰለት ነው። አንደኛው መልእክት ላኪው ሴንሰር ነው። በሞተሩ የውሃ መተላለፊያ ወይም በነዳጁ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንደ ሙቀቱ ወይም እንደ ነዳጁ ከፍታ ሬዚስታንሱን ይለዋውጣል፤ ማለትም ለኮረንቲው መንገዱን ያሰፋል ወይም ያጠብባል። የሙቀት ሴንሰር እየሞቀ ሲሄድ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ክፍል ሽቦው ነው። ሦስተኛው በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ጠቋሚ ራሱ ነው። አራተኛውና ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው፣ ኮረንቲው የሚመጣበትና የሚመለስበት መንገድ ነው። በዚህ ውስጥ ፊውዙ፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያው፣ እንዲሁም በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው፣ በሻንሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር ይጠቃለላሉ።

ጠቋሚዎቹ ራሳቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በሙቀት የሚሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስስ ዝርግ ብረት አለ፤ በዙሪያው ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ኮረንቲ በሽቦው ሲያልፍ ብረቱ ይሞቃል፤ ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይለጠጡ ይጎብጣል፤ መጉበጡም መርፌውን ይገፋል። የሁለተኛው ወገን ጠቋሚዎች የሚሠሩት በጥቅል ሽቦዎች ማግኔታዊ ጉልበት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ምንም መፍታት አያስፈልግም። ቁልፉ ሲከፈት መርፌው በዝግታ፣ ጥቂት ሰከንዶች ወስዶ ከወጣ የሙቀቱ ዓይነት ነው፤ ወዲያው ዘሎ ከተቀመጠ የማግኔቱ ዓይነት ነው። ይህን ሳይለዩ ምርመራ መጀመር የበሽተኛውን ዕድሜ ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

በሙቀት የሚሠራው ጠቋሚ አንድ ድካም አለበት። የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ባለ ቁጥር መርፌው አብሮ ከፍ ይላል። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሞተሩ ሠርቶ ዲናሞው ሲያስገባ ግን ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይደርሳል። መርፌው ይህን ልዩነት እንዳይከተል በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ይደረጋል። በላንድሮቨሩና በዘመኑ በነበሩት ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ማረጋጊያው በአማካይ 10 ቮልት ይሰጣል። እርሱም በበኩሉ ያው የሚጎብጥ ብረት ያለበት ነው። ሲሞቅ መገናኛውን ይከፍታል፣ ሲበርድ ይዘጋል፤ በዚህ መክፈትና መዝጋት የአማካዩን ልክ ይጠብቃል። ማረጋጊያው እንዲሞቅ ግን የራሱ ማሳ ሊኖረው የግድ ነው።

ያቺ የዛገች ብሎን ማረጋጊያውን ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር የምታያይዘው ነበረች። ዝገቱ ማሳውን ሲቆርጥ የማረጋጊያው ማሞቂያ ሽቦ ኮረንቲ አጣ፤ መገናኛው ሳይከፈት ቀረ፤ ለ10 ቮልት የተሠሩት ጠቋሚዎች የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ተቀበሉ። የሙቀቱ መርፌ የሌለ ሙቀት፣ የነዳጁ መርፌ የሌለ ነዳጅ አሳዩ። ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ጊዜ የተሳሳቱት ሁለቱም በአንድ ምንጭ ስለ ተሳሳቱ ነው። ሁለት ጋራዦች ያላዩት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ማንም ስለ ነዳጁ አልጠየቀም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ደንብ እንግዲህ እንዲህ ነው። የተሳሳተው አንድ ጠቋሚ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በራሱ ሰንሰለት ላይ፣ ማለትም በሴንሰሩ፣ በሽቦው ወይም በጠቋሚው ላይ ይፈለጋል። ሁለቱ ወይም ሁሉም በአንድነት ከተሳሳቱ ግን ጥፋቱ በጋራ ባላቸው ነገር፣ ማለትም በፊውዙ፣ በማረጋጊያው ወይም በማሳው ላይ ይፈለጋል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወጪውም ምንም ነው።

የማረጋጊያው ፍተሻ ቀላል ነው። አነስተኛ የመፈተሻ አምፖል በመውጫው ላይ ሲደረግ ብልጭ ድርግም ካለ ማረጋጊያው ጤነኛ ነው። ሳይቋረጥ ከበራ መገናኛው ተጣብቋል ወይም ማሳው ተቋርጧል። ጨርሶ ካልበራ ኮረንቲ አላለፈም ማለት ነው። በቁጥር የሚያሳይ ቴስተር በዚህ ቦታ አንዴ 12፣ አንዴ ዜሮ እያለ ሲዋዥቅ ጀማሪውን ያስደነግጣል። መዋዠቁ ግን የሥራው ጠባይ ነው። በኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ በተተካበት መኪና ላይ ደግሞ ንባቡ ሳይዋዥቅ መርጋት አለበት።

ማሳው መጥፎ መሆኑን የሚያጋልጥ ሌላ ምልክት አለ። ፍሬቻ ሲበራ የነዳጁ መርፌ አብሮ የሚደንስ ከሆነ፣ ወይም የፊት መብራት ሲበራ መርፌዎቹ ከቦታቸው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ የመብራቶቹ ኮረንቲ መመለሻ አጥቶ በጠቋሚዎቹ መንገድ እየተጋፋ ነው። እንዲህ ሲሆን ጠቋሚውን መለወጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከዳሽቦርዱ ብረት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ለጊዜው ማገናኘት ነገሩን በአንድ ደቂቃ ይገልጠዋል።

የተሳሳተው አንዱ ብቻ ሲሆን ሰንሰለቱን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ሽቦው ከሴንሰሩ ይነቀላል፤ ከዚያም ቁልፉ ይከፈታል። በብዙ መኪኖች ላይ መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ወይም ወደ ባዶው ጫፍ መውረድ አለበት። ቁልፉ እንደ ገና ይዘጋና የተነቀለው ሽቦ ጫፍ ከንጹሕ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ቁልፉ ሲከፈት መርፌው ወደ ሌላው ጫፍ መጓዝ አለበት። መርፌው ጉዞውን ከጀመረ ቁልፉ ወዲያው ይዘጋ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ቢተዉት በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሊቃጠል ይችላል። መርፌው በሁለቱም ፈተና ከታዘዘ ጠቋሚውና ሽቦው ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ማሳ ነው። ካልታዘዘ ፈተናው በጠቋሚው ጀርባ ላይ ይደገማል። እዚያ ከታዘዘ በመካከል ያለው ሽቦ ተቋርጧል፤ እዚያም ካልታዘዘ ጠቋሚው ራሱ ወይም የሚመጣለት ኮረንቲ ነው።

ይህን ፈተና በነዳጅ ታንክ ላይ የሚያደርግ ሰው አንድ ነገር አይርሳ። የነዳጅ እንፋሎት ብልጭታን አይምርም። ሽቦው ከታንኩ አፍ ርቆ ባለው መጋጠሚያ ላይ ይያያዝ፤ ማያያዝና መንቀልም ዘወትር ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ይሁን።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሁሉም ጠቋሚዎች በአንድ ቋንቋ አይናገሩም። ቪ.ዲ.ኦ. በሚባለው፣ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ በሚገኘው የነዳጅ ሴንሰር ባዶ ታንክ 10 ኦም፣ ሙሉ ታንክ 180 ኦም ገደማ ነው። በአብዛኞቹ የጄኔራል ሞተርስ አሮጌ መኪኖች ባዶው ዜሮ፣ ሙሉው 90 ኦም ነው። በብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ታንኩ ሲሞላ ሬዚስታንሱ ያንሳል። ስለዚህ የአንዱን መኪና ሴንሰር ለሌላው ያደረገ ሰው ታንኩ ሲሞላ ባዶ፣ ባዶ ሲሆን ሙሉ የሚል መርፌ ቢያይ አይደነቅ። መርፌው አልዋሸም፤ የተላከለትን ቃል በራሱ ቋንቋ ተረጎመ እንጂ።

የሙቀቱ ነገር፤ ውሃ በ92 ዲግሪ

ከጠቋሚዎች ሁሉ ከባድ ኃላፊነት ያለበት የሙቀቱ ነው። በእርሱም ላይ የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር የራሱን ፈተና ይጨምራል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚሠሩት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑ ሲታሰብ፣ በአዲስ አበባ ደጋ ላይ ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው ማለት ይቻላል። በ0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የውሃውን መፍያ በዚያው ከፍታ ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያረጀ ወይም ምንጩ የደከመ ክዳን ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል።

በመሆኑም መርፌው በመካከል ቆሞ ሳለ ራዲያተሩ እየተንፈቀፈቀ የሚመጣ መኪና አለ። ብዙ ጊዜ «ጌጁ ተበላሽቷል» ይባላል። ጌጁ ግን 93 ዲግሪ ብሎ ሲመሰክር እውነት ተናግሯል። የተበላሸው በጥቂት ገንዘብ የሚለወጠው ክዳን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለመኪናው ከተወሰነው ግፊት በላይ የሚይዝ ክዳን ማድረግ አሮጌ ቱቦና አሮጌ ራዲያተር ማስፈንዳት ስለሚሆን መፍትሔ አይባልም። የፈላ ራዲያተር ክዳንም ሳይበርድ አይከፈት፤ ይህን ያልሰሙ እጆች ተቃጥለዋል።

ሁለተኛው ነገር በላንድሮቨሩ ላይ የታየው ነው። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነው። ውሃ ሲፈስ ወይም በመተላለፊያው ውስጥ አየር ሲታመቅ ሴንሰሩ ከውሃ ወጥቶ በአየር ውስጥ ይቀራል፤ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አያደርስለትም። ስለዚህ ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ መርፌው ሊወርድ ይችላል። መርፌ በዳገት ላይ፣ ያለ ምንም ምክንያት በድንገት ሲወርድ ሾፌሩ ሊደሰት አይገባም፤ ወዲያው ሊቆም ይገባል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሾፌር ማስተማር የብዙ ሞተር ዋጋ አለው።

ሦስተኛው የቴርሞስታት ነገር ነው። ሞተር ሞቀ በተባለ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ጊዜ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ያበዛል፤ መርፌውም ዝቅ እንዳለ ይኖራል። ቀጥሎ የመጣው ባለሙያ ያን ዝቅ ያለ መርፌ ሲያይ ሴንሰሩን ይከስሳል። ቴርሞስታቱ ስለ መኖሩና ስለ ጤናው ሳይጠየቅ በሙቀት መርፌ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ፍተሻውም ቀላል ነው። ቴርሞስታቱ በድስት ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ውሃው ይሞቃል፤ በላዩ በተጻፈው ዲግሪ መከፈት ከጀመረ ጤነኛ ነው።

አራተኛው የሴንሰሩ ማሳ ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ከሞተሩ ብረት ነው። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ነጭ ቴፕ በብዛት ከተጠመጠመበት ማሳው ይከፋል፤ መርፌውም ከእውነቱ ዝቅ ይላል። ጠጋኙ ፍሳሹን አቆመ፤ ምስክሩንም አብሮ ዝም አሰኘ።

በመጨረሻ፣ ስለ ሙቀት የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ሁለተኛ ምስክር ይፈልጋል። ዛሬ በእጅ ተይዞ ከሩቅ ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር በቀላሉ ይገኛል። ይሁን እንጂ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነቱ ያነሰ ያነባል፤ ስለዚህ በጎማው ቱቦ ወይም በጥቁር ቀለም በተነካ ቦታ ላይ ማነጣጠር ይሻላል። መርፌውና ቴርሞሜትሩ ከተስማሙ ሞተሩ ይመርመር፤ ካልተስማሙ መርፌው ይመርመር።

የነዳጁ መርፌ

በታንኩ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ክንዱን ይዞ በሬዚስታንስ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። ተንሳፋፊው ቀዳዳ ካበጀ ነዳጅ ይጠጣና ይሰጥማል፤ መርፌውም ታንኩ ሞልቶ ሳለ ባዶ ይላል። መንሸራተቻው ደግሞ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ነው። የዕለት ገቢውን እየቆጠረ ጥቂት ጥቂት ሊትር የሚቀዳ የታክሲ ሾፌር ተንሳፋፊ ዘወትር በታችኛው ሩብ ላይ ስለሚመላለስ፣ ሽቦው የሚያልቀው በዚያው፣ እውነቱ በጣም በሚፈለግበት ቦታ ላይ ነው። ታንኩን ሞልቶ «ጌጁ ይሠራል» ብሎ የሚያስረክብ ባለሙያ ያላየው ይህንን ነው። ሴንሰሩ ወጥቶ ክንዱ ከታች እስከ ላይ በዝግታ ሲንቀሳቀስ የቴስተሩ ንባብ ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት፤ በመካከል ከጠፋ ቁስሉ እዚያ ነው።

ስለ መብራቶች

መርፌ በሌለበት ቦታ አምፖል ይመሰክራል። የአምፖል ምስክርነት ደግሞ ልዩ አደጋ አለው። ዝምታው ደኅንነት ይመስላል። የዘይት ግፊት መብራት ስላልበራ ዘይቱ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ሁለቱንም ያላደረገ መብራት ምስክር አይባልም። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር ብልጭ የሚል የዘይት መብራት ሲያጋጥም፣ በቅድሚያ ሞተሩ ጠፍቶ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ይታይ። ቀጥሎ በመብራቱ ማብሪያ ቦታ የግፊት መለኪያ ታስሮ እውነተኛው ግፊት ይነበብ። መለኪያ ሳያስሩ ማብሪያውን መለወጥ አንዳንድ ጊዜ መብራቱን ያጠፋዋል፤ ሞተሩን ግን አያድነውም።

ቮልስን ለሚያውቁ ሁሉ ግልጽ የሆነ አንድ ነገር ለጀማሪዎች ይነገር። ቮልስ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሙቀት ጠቋሚ የለውም። ነፋስ የሚሰጠው ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ ላይ ተተክሏል፤ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ በሌላ መኪና ላይ «ባትሪ አልሞላም» የሚል ትርጉም ያለው ቀይ መብራት፣ በቮልስ ላይ «ቺንጋው ተበጥሷል፣ ሞተሩ ነፋስ አጥቷል» ሊሆን ይችላል። በሌላ መኪና እስከ ቤት ሊያደርስ የሚችለው ስንፍና በቮልስ ላይ በጥቂት ደቂቃ ሞተር ያቃጥላል። ምልክቱ አንድ ሆኖ ትርጉሙ እንደ መኪናው ይለያያል።

የባትሪው መብራት ሌላም ምሥጢር አለው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞውን ሥራ የሚያስጀምረው ጥቂት ኮረንቲ የሚያልፈው በዚሁ አምፖል ውስጥ ነው። አምፖሉ ሲቃጠል ወይም በዘመናዊ ኤል.ኢ.ዲ. ሲተካ ዲናሞው ላይሞላ ይችላል። ዲናሞ ከመፍታት በፊት አምፖልን ማየት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ስለ ፍጥነት መለኪያው የሚባለው አጭር ነው። ኦቶ ሹልትሰ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት ባወጣበት ዘዴ፣ በገመድ የሚዞር ማግኔት የአሉሚኒየም ጽዋን ሳይነካ እየጎተተ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ገመዱ ደርቋል ወይም ተጠምዝዟል። መርፌውና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አብረው ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ከማርሹ ወጥቷል። አንዱ ሠርቶ ሌላው ከቆመ ጥፋቱ በመለኪያው ውስጥ ነው። ቆጣሪውን የነካ ባለሙያ ግን ቀድሞ የነበረውን ቁጥር በጽሑፍ ለባለቤቱ መስጠት ይገባዋል። የቆጣሪ ቁጥር የመኪናው ታሪክ ስለ ሆነ ገዢም ሻጭም ያምኑታል።

ከምርመራው በኋላ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በጠቋሚ ሥራ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ኪሳራ የችኮላ ነው። ዕቃ መለወጥ ሥራ ይመስላል፤ መጠየቅና መለካት ግን ሥራ አይመስልም። ደንበኛውም ለአዲስ ሴንሰር ሳያንገራግር ሲከፍል፣ ለዛገች ብሎን መጥረጊያ የተጠየቀውን ዋጋ ይከራከራል። ይህ የሙያው ፈተና ነው። ይሁን እንጂ የላንድሮቨሩ ባለቤት ለራዲያተር እጥበት፣ ለፓምፕና ለሴንሰር ያወጣው ገንዘብ ከባዶ ዕቃ ግዢ የሚቆጠር ሲሆን፣ አንዲት ብሎን የፈታው ባለሙያ የሰጠው እውቀት ነው። ክፍያው ለእውቀቱ መሆኑን ለደንበኛው በግልጽ ማስረዳት የሁሉም ጋራዥ ግዴታ ቢሆን መልካም ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ልማዶች በየጋራዡ ቢጸኑ ይበጃል። አንደኛ፣ ማንኛውም ጠቋሚ ከተጠገነ በኋላ ንባቡ በሌላ መለኪያ ተመዝኖ በሥራ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለጊዜው ሊጠገን ያልቻለ ጠቋሚ ሽቦው ተነቅሎ መርፌው ዝም እንዲል ይደረግ፤ በላዩም «አይሠራም» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ሐሰት የሚናገር ምስክር በችሎት አይቀመጥምና። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ መኪናውን ሲረከብ መርፌው በጤናው ጊዜ የት እንደሚቆም በዐይኑ ይመልከት። ጤናውን ያላወቀ ሰው ሕመሙን አያውቅም።

በዓባይ ዳገት ላይ የነበረው ሾፌር ሰነፍ አልነበረም። ዐይኑ መርፌውን አይቷል፤ ልቡ ግን አላመነም። እንዳያምን ያስተማሩት ደግሞ ጥፋቱን ሳያገኙ መኪናውን «ተሠርቷል» ብለው ያስረከቡት ባለሙያዎች ናቸው። መርፌው እንደ ገና እንዲታመን ማድረግ የባለሙያው ፈንታ ነው።